ላፕቶፕ ሲደበዝዝ፦ ስለ ስክሪን የጀርባ መብራት እርጅና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ስክሪኔ እንደ ድሮው አያበራም" ብሎ የሚያማክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛል፤ ወይ ስክሪኑን ቀይር ይባላል፣ ወይ ላፕቶፑን። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የተሰጡ ናቸው። የጀርባ መብራት በእርግጥ ያረጃል። እርጅናው ግን ቀስ ያለ ነው፤ መላውን ገጽ ይነካል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። ስክሪንዎ ከትናንት ወዲያ ድረስ ደህና ከነበረ ወይም አንድ ጥጉ ብቻ ከጨለመ ጥፋተኛው ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስክሪኑ ራሱ ያበራ የለም እንዴ? የጀርባ መብራት የሚባለው ምንድን ነው?

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ኤልሲዲ ስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም። ፈሳሽ ክሪስታሉ የሚሠራው ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ነጥብ በነጥብ ማሳለፍ ወይም መከልከል ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ ግርጌ፣ በማጠፊያው በኩል፣ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ኤልኢዲ ከሚባሉ ትናንሽ መብራቶች ነው። ከእነሱ የወጣው ብርሃን ከጎን ወደ አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይገባል፤ ሰሌዳው በመላው ገጽ ላይ ያዳርሰዋል፤ ከኋላ ያለው አንጸባራቂ ነጭ ንጣፍ ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ከፊት የተነባበሩት ስስ ፊልሞች ደግሞ አለስልሰው ወደ ተመልካቹ ያቀኑታል። የጥገና ባለሙያዎች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ባክላይት ይሉታል።

በመንገዱ ላይ የሚባክነው ብርሃን ብዙ ነው። ፖላራይዘር የሚባለው ብርሃን አጣሪ ስስ ንጣፍ ብቻውን ከግማሽ በላይ ያስቀራል፤ የቀለም ማጣሪያው ከቀረው ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። መጨረሻ ላይ ዓይን ዘንድ የሚደርሰው ከተመረተው ብርሃን ከ10 በመቶ ያነሰው ነው። ስለዚህ መብራቱ ከሚታየው እጅግ በበለጠ ኃይል መሥራት አለበት፤ እርጅናውም ከዚህ ይጀምራል።

ላፕቶፔ ደብዝዟል። አርጅቶ ነው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሶፍትዌሩ ነው። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሲስተም ከዚያም ዲስፕሌይ በሚለው ሥር፣ እንደሚታየው ምስል ብሩህነቱን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ። የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው ብዙ ማሽኖችም በባትሪ ሲሠሩ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የራሳቸው ኃይል ቆጣቢ አላቸው። ሁለቱንም አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ብሩህነቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ነጭ ገጽ ማየት የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ከዚያም ማሽኑ ሲነሣ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር ውስጥ፣ ገብቶ ማየት ይጠቅማል፤ እዚያ ዊንዶውስ እጁን ሊያስገባ አይችልም።

የአካባቢውን ብርሃን የሚለካ ሴንሰር ያላቸው ላፕቶፖችም አሉ። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ከካሜራው አጠገብ ስለሚቀመጥ ካሜራውን በፕላስተር የሚሸፍን ሰው ሳያውቅ እሱንም ይሸፍነዋል። ማሽኑም ክፍሉ ጨልሟል ብሎ ስክሪኑን ዝቅ ያደርጋል። (ካሜራ መሸፈኑን አልነቅፍም፤ ፕላስተሩን ጥቂት ሚሊሜትር ማሸሽ ይበቃል።) ከጎን የተቀመጠ ሰው እንዳያይ ተብሎ የሚለጠፈው ጠቆር ያለ ፊልምም ብዙ ብርሃን ያስቀራል።

ሌላው ምክንያት ንጽጽር ነው። ከቤት ውጭ 1,000 ኒትና ከዚያ በላይ የሚያበሩ ስልኮች ዛሬ የተለመዱ ናቸው፤ ኒት የስክሪን ብሩህነት የሚለካበት መስፈርት ነው። ርካሽ ላፕቶፕ ግን ከፋብሪካ ሲወጣም 220 ወይም 250 ኒት ብቻ ነው ያለው። አዲስ ስልክ በገዙ ማግስት ላፕቶፑ አርጅቶ ቢታይዎት ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። በረንዳ ላይ፣ በአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ሥር የማይነበብ ስክሪንም አረጀ አይባልም፤ 250 ኒት በዚያ ብርሃን ፊት አዲስ ሆኖም አቅም የለውም።

መብራቱ ሲያረጅ ውስጡ ምን ይሆናል?

በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ነጭ ኤልኢዲ ሲመነጭ ነጭ አይደለም። መሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቺፕ ነው፤ በላዩ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ዱቄት በግልጽ ሙጫ ተለውሶ ይፈስበታል። ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ ፎስፈሩን መትቶ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ከፊሉ እንዳለ ያልፋል፤ ድብልቁን ዓይናችን ነጭ ብሎ ይቀበለዋል። ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ለማግኘት ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዷል። ለዚህ ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ያለዚያ ግኝት የዛሬው ቀጭን ላፕቶፕ አይኖርም ነበር።

እርጅናው በሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። በቺፑ ክሪስታል ውስጥ ከመጀመሪያውም ጥቃቅን ጉድለቶች አሉ፤ ሙቀትና የኤሌክትሪክ ፍሰት ያበዟቸዋል። በጉድለት ላይ ያረፈ ኃይል ብርሃን መሆኑ ይቀርና ሙቀት ይሆናል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ሌላ ጉድለት ያፈራል። ሁለተኛው ቦታ ሙጫውና ቺፑ የተቀመጠበት ነጭ የፕላስቲክ ማቀፊያ ነው። ሰማያዊ ብርሃንና ሙቀት ተባብረው ያጠይሟቸዋል፤ ቺፑ የሚያወጣውን ብርሃን ገና ከበሩ ላይ ይውጡታል። ሦስተኛው ፎስፈሩ ነው፤ ሰማያዊውን ወደ ቢጫ የመለወጥ አቅሙ በጊዜ ብዛት ይቀንሳል።

ስለ ኤልኢዲ ዕድሜ ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ቺፑን ነው። በርካሽ ላፕቶፕ ላይ ግን ቀድሞ የሚደክመው ሙጫውና ማቀፊያው ነው ባይ ነኝ፤ አምራቹ ገንዘብ የሚቆጥበው እዚያ ላይ ስለሆነ። ብርሃኑን የሚያዳርሰው የፕላስቲክ ሰሌዳና ፊልሞቹም ከዓመታት በኋላ ወደ ቢጫነት ያደላሉ፤ ይህም በኤልኢዲው ድካም ላይ ይደመራል።

ስንት ዓመት ይቆያል?

የፓነል አምራቾች በቴክኒክ ሰነዶቻቸው የሚጽፉት ዕድሜ ለላፕቶፕ ስክሪን በአብዛኛው ከ10,000 እስከ 15,000 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር መብራቱ የሚጠፋበት ሰዓት ተደርጎ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። ትርጉሙ ግን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሙሉ ብሩህነት ሲሠራ ቆይቶ ብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ኤልኢዲ እንደ ድሮ አምፖል ብልጭ ብሎ አይቃጠልም፤ ከግማሽ በኋላም ማብራቱን ይቀጥላል።

ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ላፕቶፕ በዓመት 2,400 ሰዓት ያበራል። ፓነሉ የ15,000 ሰዓት ከሆነና ሁልጊዜ በሙሉ ብሩህነት ከተሠራበት ግማሽ ላይ የሚደርሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በየዓመቱ ከቀረው ብርሃን እኩል መቶኛ ይቀንሳል ብለን ብንወስድ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 10 በመቶ ገደማ፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከሩብ ትንሽ በላይ ያጣል። ይህ ግን ክፉው ግምት ነው። ቤት ውስጥ በግማሽ ብሩህነት የሚሠራ ሰው ላፕቶፑ በሌላ ምክንያት ቀድሞ ይሞትበታል፤ ባትሪው፣ ማጠፊያው ወይም ኪቦርዱ መብራቱን አይጠብቁም።

ግማሹን ካጣ እንዴት አላስተዋልኩም?

ዓይን ብርሃንን በቀጥታ አይቆጥርም። ግማሽ የሆነ ብርሃን ለዓይን ከቀድሞው አራት አምስተኛ ያህል መስሎ ይታያል። በዚያ ላይ ቅነሳው በየቀኑ የሚታይ አይደለም፤ ተጠቃሚው ሳያውቀው የብሩህነት ቁልፉን በየወሩ አንድ እርከን ከፍ እያደረገ ይኖራል። አረጀ የሚባለው ከፍ የሚያደርግበት እርከን ያለቀበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት በ40 በመቶ ይሠሩ ከነበረና ዛሬ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት 90 በመቶ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ብሩህነቱን ዝቅ ማድረግ ዕድሜውን ያራዝማል?

አዎ፤ ከባለቤቱ እጅ ካሉት መፍትሔዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ላፕቶፖች ብሩህነትን የሚቀንሱት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ወደ ኤልኢዲው የሚሄደውን ፍሰት ራሱን ይቀንሳሉ፤ ሌሎቹ መብራቱን በሰከንድ ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ ጊዜ እያጠፉና እያበሩ፣ የሚበራበትን ጊዜ ያሳጥራሉ። በመጀመሪያው መንገድ ቺፑ ብዙም አይግልም። በሁለተኛው መንገድ የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል፤ አማካይ ሙቀቱም ይወርዳል። ሁለቱም ዕድሜ ይጨምራሉ። ሁለተኛው መንገድ አንድ ጣጣ አለው፤ ማጥፋትና ማብራቱ ቀርፋፋ በሆነባቸው ላፕቶፖች ላይ ብሩህነቱ ሲወርድ ዓይናቸው የሚደክምና ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከስክሪኑ ዕድሜ የራሱን ዓይን ማስቀደም አለበት።

ፎቶግራፍ የሚያርሙ ባለሙያዎች በተለመደ ክፍል ውስጥ ስክሪናቸውን ከ80 እስከ 120 ኒት ላይ ያስተካክላሉ። ስለዚህ 250 ኒት ያለው ስክሪን ግማሹን ቢያጣ እንኳ ማታ ቤት ውስጥ ለማንበብ አያንስም። የሚያንሰው በመስኮት አጠገብ፣ በመኪና ውስጥ፣ በካፌ በረንዳ ላይ ነው።

ጥቁር ገጽታ ብጠቀም መብራቱን ይቆጥብልኛል?

በተለመደው ኤልሲዲ ላይ አይቆጥብም። ስክሪኑ ጥቁር ሲያሳይ መብራቱ ከኋላ እንደበራ ነው፤ ክሪስታሉ ብቻ ነው የከለከለው። ስክሪን ሴቨርም እንዲሁ ነው፤ ዓሣ እየዋኘ የሚያድርበት ስክሪን ሌሊቱን ሙሉ እያረጀ ነው። የሚጠቅመው ስክሪኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨርሶ እንዲጠፋ ማዘዝ ወይም ክዳኑን መዝጋት ነው። ከስክሪኑ ኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ ኤልኢዲዎችን በየሠፈሩ ለይቶ የሚያጠፋና የሚያበራ ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው ዓይነት፣ ለምሳሌ ከ2021 ጀምሮ የወጡት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች፣ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው።

ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ይጎዳዋል?

ኤልኢዲን አይጎዳም። የድሮውን የቱቦ መብራት ግን ይጎዳ ነበር።

አሮጌ ላፕቶፔ ሲከፈት ቀላ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይስተካከላል። ለምን?

ያ ላፕቶፕ ኤልኢዲ የለውም። ከእርሳስ እጅግ የቀጠነ የፍሎረሰንት ቱቦ ነው ያለው። ሶኒ በ2005 በቫዮ ቲኤክስ፣ አፕል በ2007 በባለ 15 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ወደ ኤልኢዲ ሲሻገሩ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በ2010 አካባቢ ቱቦው ከአዳዲስ ላፕቶፖች ጠፋ ማለት ይቻላል። አገር ውስጥ ግን ከዚያ ዘመን የቀሩ ማሽኖች በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ዛሬም አይታጡም።

ቱቦው ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪው ሲተን አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰጣል፤ በቱቦው ግድግዳ ላይ የተቀባው ፎስፈር ጨረሩን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጣል። ዓመታት ሲያልፉ ሜርኩሪው በመስታወቱና በፎስፈሩ እየተያዘ ያልቃል፣ ፎስፈሩ ይደክማል፣ ከኤሌክትሮዶቹ የሚረግፈው ብረት የቱቦውን ጫፎች ያጠቁራል። ቀላ ያለ አጀማመር የሜርኩሪው ትነት እጥረት ምልክት ነው፤ ሲሞቅ ትነቱ ይጨምርና ቀለሙ ይስተካከላል። ቀይነቱ በየወሩ እየረዘመ ከሄደ ቱቦው መጨረሻው ላይ ነው።

ይህ መብራት ኢንቨርተር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ ቱቦውን ለመለኮስ ከ1,000 ቮልት በላይ ያመነጫል። ስክሪኑ ለሰከንዶች በርቶ ድርግም የሚል ከሆነ ቱቦው ወይም ኢንቨርተሩ ነው። ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ኢንቨርተሩን በጣት መንካት አይገባም።

ሙቀት ምን ያህል ይጎዳል? የምኖረው ቆላ ነው።

ከብሩህነት ቀጥሎ ትልቁ ጠላት እሱ ነው። የአምራቾቹ የሰዓት ቁጥር በ25 ዲግሪ የተሰላ መሆኑን ያስታውሱ። ሠመራ ወይም ጋምቤላ ላይ በበጋ ቀን፣ ማራገቢያ በሌለው ክፍል የሚሠራ ላፕቶፕ ያንን ቁጥር ሊደርስበት አይችልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ዋናው ጠንቃቸው መኪና ነው፤ የተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ላፕቶፕ ቢጠፋም ሙጫው፣ ፊልሞቹና ፖላራይዘሩ ይጎዳሉ።

ብዙዎች የማያስተውሉት የላፕቶፑን የራሱን ሙቀት ነው። የኤልኢዲዎቹ መስመር ያለው በስክሪኑ ግርጌ ነው ብለናል፤ ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ሙቅ አየራቸውን የሚያስወጡት በማጠፊያው በኩል፣ በትክክል እዚያው ላይ ነው። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ወይም ላፕቶፑ በብርድ ልብስ ላይ ከተቀመጠ ፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም የሚጋገረው። ክዳኑን ዘግቶ ከባድ ሥራ ማሠራትም ለዚሁ ስክሪን መጥፎ ነው። ማራገቢያውን በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግ ስክሪንም ይጠቅማል።

የመብራት መዋዠቅ የጀርባ መብራቱን ያደክመዋል?

እምብዛም። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ነው፤ ለማሽኑ የሚሰጠው ግን የተወሰነ ዝቅተኛ ቮልት ነው፤ ከዚያ በኋላም የኤልኢዲዎቹ መቆጣጠሪያ ፍሰቱን እንደገና ይመጥናል። መዋዠቁ የሚገድለው ቻርጀሩን ነው። ኤሌክትሪክ ሲሄድ ስክሪኑ የሚደበዝዘው ዊንዶውስ ወደ ባትሪ ስለተዛወረ እንጂ መብራቱ ስለተጎዳ አይደለም።

ስክሪኑ ወደ ቢጫ አደላ። ይህም እርጅና ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ በዊንዶውስ ናይት ላይት፣ በማክ ናይት ሺፍት የሚባለው የማታ ቅንብር በርቶ እንዳልቀረ ይዩ። ሁለቱም በ2017 ከመጡ ወዲህ በቢጫ ስክሪን ስም ወደ ጠጋኝ የሚሄዱ ጤነኛ ላፕቶፖች በዝተዋል። ቅንብሩ ጠፍቶም ነጩ ገጽ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ከመሰለ ሙጫው፣ ሰሌዳው ወይም ቱቦው አርጅቷል። ያረጀ ኤልኢዲ ሁሉ ግን ቢጫ አይሆንም፤ ፎስፈሩ ከቺፑ ቀድሞ ከደከመ ያልተለወጠው ሰማያዊ ይበዛና ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቢጫነቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል ሙቀት ወይም እርጥበት እንደነበረ ያሳብቃል።

አንድ ጥግ ብቻ ጨለመ፤ ወይም ከግርጌው የጨለማና የብርሃን ጥላዎች ይታያሉ።

ይህ እርጅና አይባልም፤ ብልሽት ነው። ኤልኢዲዎቹ በበርካታ ረድፎች የተከፈሉ ናቸው፤ በአንድ ረድፍ ውስጥ ያሉት ተከታትለው የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ቢቆረጥ የረድፉ ጓደኞቹ ሁሉ አብረው ይጠፋሉ።

ኬብልም ይህን ያደርጋል። የ2016 ማክቡክ ፕሮ ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የስክሪኑ ስስ ኬብል በማጠፊያው ላይ ተጠቅልሎ ስለሚያልፍ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይፈተጋል። መጀመሪያ ከግርጌው የመድረክ መብራት የሚመስሉ ጨረሮች ይታያሉ፤ በኋላ ክዳኑ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ሲከፈት መብራቱ ጨርሶ ይጠፋል። አፕል በግንቦት 2019፣ ከጥቅምት 2016 እስከ የካቲት 2018 ለተሸጡ ባለ 13 ኢንች ማሽኖች የነጻ ጥገና ፕሮግራም አወጣ። በ2018ቱ ሞዴል ላይ ኬብሉ 2 ሚሊሜትር ያህል ረዝሞ ተገኝቷል፤ ያች ሁለት ሚሊሜትር መጀመሪያውኑ ብትኖር ኖሮ ስንት ስክሪን በከንቱ ባልተቀየረ ነበር! በየትኛውም ላፕቶፕ ላይ ክዳኑን ቀስ ብለው ሲያንቀሳቅሱ ብሩህነቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ።

ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ጨልሟል፤ ማሽኑ ግን ይሠራል።

ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክዎን ባትሪ መብራት አጋድለው ወደ ስክሪኑ ያብሩ። ጽሑፉ ወይም አይከኖቹ በደብዛዛው ከታዩ ምስሉ አለ፤ የጠፋው መብራቱ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የጀርባ መብራት ፊውዝ እንዲለካ ይጠይቁ። ፊውዙ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው፤ ዋጋውም ከፓነሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ፈሳሽ ከተደፋ በኋላ፣ ወይም ባትሪው ሳይነቀል የስክሪኑ ኬብል በተነቀለበት ጥገና ላይ ነው። ስለዚህ ከጥገና የተመለሰ ላፕቶፕ "ስክሪኑም ተበላሽቷል" ከተባለ ይህን ጥያቄ ማንሣት መብትዎ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ የስክሪኑን ዕድሜ እንዴት ልወቅ?

ስክሪን የሰዓት መቁጠሪያ የለውም፤ ዲስኩ ግን አለው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ዲስኩ ካልተቀየረ ያ ቁጥር ለስክሪኑ ጣሪያ ነው። ከውጭ ቢሮዎች ተሰብስበው የሚመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ክዳናቸው ተዘግቶ ከሌላ ሞኒተር ጋር ተገናኝተው የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ 9,000 ሰዓት የሠራ ማሽን ስክሪኑ ግን አዲስ የሚመስል ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ዲስኩ ትናንት የተገጠመ፣ ስክሪኑ የስምንት ዓመት።

በመደብሩ ውስጥ ብሩህነቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ነጭ ገጽ ይክፈቱ፤ አጠገቡ ካለ ተመሳሳይ ሞዴል ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። አራቱን ጥጎች ይመልከቱ። ክዳኑን ያንቀሳቅሱ። ከዚያም በር ላይ ወጥተው በቀን ብርሃን እንዲያዩት ይጠይቁ፤ መርካቶ ውስጥ ባለ ደብዛዛ ሱቅ 120 ኒትም ያምራል። ሻጩ ለማውጣት ካንገራገረ እሱም መልስ ነው።

የብርሃኑን መቀነስ ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል?

ትክክለኛውን ኒት ለማወቅ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለውጡን ለማወቅ ግን ስልክ ይበቃል። ብርሃን የሚለካ ነጻ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ማታ መብራት አጥፍተው፣ ላፕቶፑን በሙሉ ብሩህነት ነጭ ገጽ ላይ አድርገው፣ የስልኩን የፊት ሴንሰር በስክሪኑ መሐል ላይ ያስጠጉና ቁጥሩን ይመዝግቡ። በየስድስት ወሩ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቦታ ይድገሙት። ስልኩ ከተቀየረ የቀድሞው ቁጥር ዋጋ የለውም።

መብራቱ ብቻ ሊቀየር ይችላል ወይስ ሙሉ ስክሪኑ?

ሊቀየር ይችላል፤ ግን አልመክርም። ፓነሉ ሲከፈት ፊልሞቹ መሐል አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ እስከ መጨረሻው እንደ ነጥብ ትታያለች፤ ፊልሞቹም አንዱ በሌላው ላይ ያለ ጉድለት መመለስ አለባቸው። አዲስ ፓነል መግጠም ለጠጋኙም ለባለቤቱም ይቀላል። ሲገዙ በአሮጌው ፓነል ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ የኢንቹ መጠን ብቻ አይበቃም። የዛሬዎቹ ስክሪኖች ባለ 30 ወይም ባለ 40 ፒን ማገናኛ አላቸው፤ የማያዣ ጆሮዎቻቸው ቦታም ይለያያል። ዕድሉ ካለ ከቀድሞው የደመቀ ይምረጡ፤ በ250 ኒት ፋንታ 400 ኒት ያለው ፓነል በግማሽ ብሩህነት ሲሠራ ለዓመታት አይደክምም።

ኦሌድ ስክሪን ያላቸውስ?

እነሱ የጀርባ መብራት የላቸውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፣ ራሱም ያረጃል። ሰማያዊው ነጥብ ከቀዩና ከአረንጓዴው ቀድሞ ይደክማል፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚታይ ነገር፣ እንደ ዊንዶውስ የግርጌ መስመር ያለው፣ ጥላውን ይተዋል። ከላይ ጥቁር ገጽታ አይጠቅምም ያልነው ለኤልሲዲ ነው፤ ለኦሌድ ግን በእርግጥ ይጠቅማል።

የተቀየረውን አሮጌ ስክሪን ምን ላድርገው?

የቱቦ መብራት ያለው ከሆነ አይስበሩት፤ ሜርኩሪ አለው፤ ከተሰበረም መስኮት ከፍተው፣ ስብርባሪውን በጓንት ሰብስበው፣ በሚዘጋ ዕቃ ያስቀምጡት፤ በመጥረጊያ አይጥረጉት። ኤልኢዲ ከሆነና መስታወቱ ተሰብሮ መብራቱ ጤነኛ ከሆነ ለጠጋኝ ይስጡት። ብርሃን የሚያዳርሰው ሰሌዳና ፊልሞቹ ለሌላ ፓነል ይሆናሉ፤ አንዳንድ ጠጋኞች ደግሞ በተስማሚ መቆጣጠሪያ እያበሩ ደቃቅ ሥራ የሚያዩበት ጠፍጣፋ የጠረጴዛ መብራት ያደርጉታል።